የተቀበረ ሀብት የማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና የሕግ መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ከጎጃም የተላኩ ሲሆኑ፣ አራቱም የሚጠይቁት ከመሬት ወይም ከግድግዳ ውስጥ ስለሚወጣ ንብረት ነው። የጸሐፊዎቹን ስምና ቀበሌ ትተን፣ ደብዳቤዎቹን አሳጥረን እናቀርባለን።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በሞጣ አካባቢ መምህር ነኝ። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ስለላከልኝ፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ገበሬዎቹን እያስፈቀድሁ ከማሳ ማሳ እዞራለሁ። እስካሁን ያገኘሁት የማረሻ ስባሪ፣ የጥይት ቀለህና አንድ የዛገ እርካብ ነው። እንግሊዞች በዚሁ መሣሪያ ወርቅና ብር እያወጡ ግማሹን ለአግኚው፣ ግማሹን ለባለ መሬቱ ሲያካፍሉ በዩቲዩብ አይቻለሁ። በእኛስ አገር እንዲሁ ነው? ከባለ ማሳው ጋር እኩል ለመካፈል በጽሑፍ ብንዋዋል ውሉ ይጸናል?»

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ውሉ አይጸናም። ምክንያቱ ሳይነገር አይሆንም ማለት ብቻ ልብ ስለማያሳርፍ ግን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎት።

በዩቲዩብ ያዩት እውነት ቢሆንም ሙሉው አይደለም። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ የሚሠራው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 የወጣው ሕግ፣ ቢያንስ 300 ዓመት የሆነውና ከክብደቱ ቢያንስ አንድ አሥረኛው ወርቅ ወይም ብር የሆነ ዕቃ ያገኘ ሰው በ14 ቀናት ውስጥ ኮሮነር ለሚባለው ሹም እንዲያስታውቅ ያስገድዳል፤ ሳያስታውቅ የቀረም በወንጀል ይጠየቃል። ዕቃው በሕጉ መሠረት የተቀበረ ሀብት ነው ከተባለ ባለቤቱ ዘውዱ፣ ማለትም መንግሥት ነው። ሙዚየም ሊወስደው ሲፈልግ የገበያ ዋጋው ተገምቶ ወሮታ ይከፈላል፤ በልማድ በአግኚውና በባለ መሬቱ መካከል እኩል የሚካፈለውም ይህ ወሮታ እንጂ ዕቃው ራሱ አይደለም።

በዚያው አገር፣ ከዚህ ሕግ መውጣት በፊት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1992፣ ሆክስን በምትባል መንደር የሆነውን ልንገርዎት። አንድ ጡረተኛ፣ ወዳጁ የሆነ ገበሬ እርሻ ላይ የጠፋበትን መዶሻ በብረት ጠቋሚ ሊፈልግለት ወጥቶ፣ የሮማውያን ዘመን ወርቅና ብር አገኘ። ጥቂት ካወጣ በኋላ ግን መቆፈሩን አቁሞ ለሚመለከታቸው አስታወቀ፤ በማግሥቱም አርኪዮሎጂስቶች ደርሰው በጥንቃቄ ቆፈሩት። ከ14,000 በላይ ሳንቲሞችና ወደ 200 የሚሆኑ የወርቅና የብር ዕቃዎች ወጡ። ሀብቱ የተቀመጠበት የእንጨት ሣጥን ከበሰበሰ ቆይቶ የነበረ ቢሆንም፣ ዕቃዎቹ ከቦታቸው ስላልተነቀነቁ እንዴት ተደርድረው እንደተቀበሩ ለማወቅ ተቻለ። የተገመተው ዋጋ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። መዶሻውም ተገኝቶ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ያ ሰው ደስታው አሸንፎት እስኪመሽ ቢቆፍር ኖሮ ሳንቲሞቹ ይተርፉ ነበር፤ ታሪካቸው ግን በዚያች ከሰዓት በኋላ ይጠፋ ነበር።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ ሁለት ሕጎችን አንድ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ለረጅም ዘመን ተሰውሮ ወይም ተቀብሮ የኖረና ባለቤቱ ሊታወቅ የማይችል ንብረት ሲገኝ፣ ንብረቱን ለተገኘበት ነገር ባለቤት ይሰጥና ለአግኚው ወሮታ ያስባል። ይሁን እንጂ ይኸው ሕግ የጥንት ቅርሶችን ጉዳይ ለልዩ ሕግ ትቶታል። ልዩ ሕጉ ዛሬ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሲሆን፣ ማንም ሰው ከቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ ሳያገኝ ቅርስ መፈለግም ሆነ መቆፈር እንደማይችል ይደነግጋል። መሣሪያ ይዞ ከማሳ ማሳ እየዞሩ ከመሬት በታች ያለ የጥንት ዕቃ ማሰስ፣ በእኔ አረዳድ፣ ከዚህ ክልከላ ውጭ ሊሆን አይችልም፤ የባለ ማሳው ፈቃድም የባለሥልጣኑን ፈቃድ አይተካም።

ለውሉ አለመጽናት ሁለተኛው ምክንያት መሬቱ ራሱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የተጻፈው መሬት የግል ባለቤት በነበረው ዘመን ነው። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ግን የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኗል፤ የአሁኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆኑ ያጸናል። ገበሬው ባለይዞታ ነው፤ ማሳውን ያርሳል፣ ያመርታል፣ ለልጁ ያወርሳል፤ ከሥሩ ለሚወጣ ቅርስ ግን ባለቤት ሆኖ ግማሹን ለእርስዎ ሊፈርም አይችልም። የተፈጥሮ ወርቅም ቢሆን የራሱ የማዕድን ሕግ አለውና ከተቀበረ ሀብት ጋር መቀላቀል የለበትም።

በአጋጣሚ የሚገኝ ነገር ግን ሌላ ነው። አንድ ገበሬ ሲያርስ ማረሻው ማሰሮ ቢያነሣ፣ ወይም አንድ ሰው የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፍር የተቀረጸ ድንጋይ ቢያገኝ፣ አዋጁ በአንቀጽ 41 ግዴታውንም መብቱንም ይነግረዋል። ግዴታው ወዲያውኑ ማስታወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ ዕቃውን እንደነበረ መጠበቅ ነው። ባለሥልጣኑ በ6 ወር ጊዜ ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ አግኚው ሁኔታውን በዝርዝር ጽፎ ሥልጣን ላለው የክልል ባለሥልጣን በማስታወቅ ከኃላፊነት ሊወጣ ይችላል። መብቱ ደግሞ ተገቢውን ወሮታ ማግኘትና ለጥበቃው ያወጣው ወጪ እንዲተካለት መጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ የማምንበትን በግልጽ ልናገር። አዋጁ «ተገቢ ወሮታ» ይላል እንጂ ከዋጋው ስንት እጅ እንደሆነ አይለካም። ከደጋ ቀበሌ ተነሥቶ፣ ማሰሮ በጋቢ ጠቅልሎ ወደ ወረዳ የሚሄድ ገበሬ ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም፤ ከገበያ የሚያገኘው ነጋዴ ግን ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ ያሳየዋል። ወሮታው በመመሪያ ተለክቶ፣ በየወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ከብዙ የእሥራት ማስፈራሪያ ይልቅ ቅርሱን ያድነዋል።

ስለዚህ፣ መምህር፣ መሣሪያውን ያቁሙት። እርካቡንም አያጥቡት፣ ዝገቱንም አይፋቁት፤ ከየትኛው ማሳ፣ ስንት ክንድ ጥልቀት ላይ እንዳገኙት ጽፈው፣ ፎቶግራፍ አንሥተው ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያስረክቡ፤ ያስረከቡበትን ማኅተም ያለበት ደረሰኝም ይቀበሉ። ስለ ቀለሆቹ የማስበው ደግሞ ለሕይወትዎ ነው። ጎጃም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አርበኞች ከጣሊያን ጋር የተዋጉበት ምድር በመሆኑ፣ መሣሪያው የሚጮኽበት ብረት ያልፈነዳ ቦምብ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ አይንኩት፤ ቦታውን ከልለው ለፖሊስ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ «ከቢቸና ነው የምጽፈው። የአያታችንን አሮጌ ቤት ስናፈርስ፣ በቀን ሥራ የቀጠርነው ልጅ ከምድጃው ሥር በሸክላ ማሰሮ የተቀመጠ ጠገራ ብር አወጣ። ሁሉም 1780 የሚል ዓመት አለባቸው። ወንድሞቼ የአያታችን ነው ይላሉ፤ ልጁ ያገኘሁት እኔ ነኝና ግማሹ ይገባኛል ይላል፤ አንድ ነጋዴም በየቀኑ እየመጣ ዋጋ ይሰጠናል። ምን እናድርግ?»

መልስ፦ እመቤት፣ በመጀመሪያ ስለ ዓመቱ። ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ፣ ምስሏን ከያዘው ከኦስትሪያዋ ንግሥት ከማሪያ ቴሬዛ ሞት በኋላ መቼም ይመታ መቼ፣ የሚታተምበት ዓመት 1780 ነው፤ ይኸውም ንግሥቲቱ የሞተችበት የፈረንጅ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተመታውም ያንኑ ቁጥር ይዞ ይወጣል። ስለዚህ በብሩ ላይ ያለው ዓመት ማሰሮው መቼ እንደተቀበረ ማስረጃ አይሆናችሁም። አባቶቻችን ብሩን ሲቀበሉ የዘውዷንና የደረቷን ጌጥ ፈርጦች በጥፍራቸው እየዳሰሱ ይቆጥሩ የነበረው፣ የተፋቀውን ካልተፋቀው፣ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት ነበር። ያልተፋቀ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በኩንታል ሚዛን ሳይሆን በወርቅ ሚዛን መዝናችሁ መዝግቡት።

የባለቤትነቱ ጉዳይ የሚወሰነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ማን እንደቀበረው ማስረዳት ይቻላል ወይስ አይቻልም? አያታችሁ ወይም አያታችሁ የወረሱት ሰው እንደቀበረው በሰው ምስክር፣ በኑዛዜ ወይም በሌላ ማስረጃ ከታወቀ፣ ገንዘቡ ባለቤት አልባ ሀብት ሳይሆን የውርስ ንብረት ነው፤ ለወራሾች ሁሉ እንደየድርሻቸው ይከፋፈላል፤ ለልጁም የቀን ሒሳቡና የምስጋና ስጦታችሁ ይበቃዋል። አክስት፣ አጎት ወይም የጎረቤት ሽማግሌ «በጣሊያን ጊዜ ቀበሩት ሲባል ሰምቻለሁ» የሚል ካለ አሁኑኑ ቃሉን በጽሑፍ አስፍሩ፤ ማስረጃው የሚኖረው ሰውየው በሕይወት እስካለ ብቻ ነውና። ማስረዳት ካልተቻለ ግን ነገሩ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የተቀበረ ሀብት ይሆናል። ቤቱ እንደ መሬቱ አይደለም፤ በመሬቱ ላይ የተሠራ ቤት የግል ንብረት ነው። በዚህ ጊዜ ሀብቱ የቤቱ ባለቤቶች ቢሆንም፣ በእጁ ያወጣው ልጅ የአግኚ ወሮታ የመጠየቅ መብት አለው። ድሃ የቀን ሠራተኛ ነው ብላችሁ እንዳትገፉት አደራ እላለሁ፤ ማሰሮውን ሰብሮ፣ ብሩን በኪሱ ከትቶ መሄድ ሲችል ጠርቷችኋል።

ይህ ሁሉ ግን የሚከተለው ከተፈጸመ በኋላ ነው። የቆየ ገንዘብ የቅርስነት ዋጋ ሊኖረው ስለሚችል፣ ቅርስ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚመዝነው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እንጂ እናንተ ወይም ነጋዴው አይደላችሁም። ስለዚህ ሽማግሌዎች ባሉበት ብሩን ቆጥራችሁ ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ልጁም ይፈርምበት፤ ማሰሮውን ስባሪውን ጨምሮ አስቀምጡ፤ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አስታውቁ። በሎሚና በአመድ እንዳታሹት። ለነጋዴውም ቁርጡን ንገሩት፤ ቅርስን ለንግድ መግዛትና መሸጥ ክልክል ነው። አንጥረኛ ዘንድ ገብቶ አንዴ ከቀለጠ ደግሞ ከብርነት በቀር የሚነግረን ነገር አይኖርም።

ጥያቄ፦ «በደብረ ማርቆስ ነጋዴ ነኝ። አንድ ሰው ተቀብሮ የነበረ ገንዘብ ቢያገኝና በሕግ ቢፈቀድለት፣ ግብር ይከፍልበታል?»

መልስ፦ በአሜሪካ የታወቀ የፍርድ ቤት ጉዳይ አለ። ባልና ሚስት በ15 ዶላር በጨረታ የገዙትን አሮጌ ፒያኖ ከዓመታት በኋላ ሲያጸዱ፣ 4,467 ዶላር ጥሬ ገንዘብ አገኙበት። መጀመሪያ ግብሩን ከፍለው በኋላ ይመለስልን ብለው ቢከራከሩም፣ ፍርድ ቤቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1969፣ «የተገኘ ገንዘብ ገቢ ነው» ብሎ ፈረደባቸው። የእኛም የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በሠንጠረዥ «መ» ሥር፣ በሌላ ሠንጠረዥ ያልተጠቀሰን ማንኛውንም ገቢ በጥቅል መጠኑ ላይ 15 በመቶ ያስከፍል ዘንድ የወጣ ድንጋጌ አለው፤ በእኔ አስተያየት የተቀበረ ሀብት ድርሻ በዚህ ሥር ይወድቃል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ፣ ገንዘቡን ከመቀበልዎ በፊት በሥራ ላይ ያለውን መጣኔ ከግብር ጽሕፈት ቤትዎ በጽሑፍ ጠይቀው ያረጋግጡ።

ከቅርስ ባለሥልጣን የሚገኘውን ክፍያ ግን ለሁለት ክፈሉት። ለጥበቃና ለመጓጓዣ ያወጣችሁት ወጪ ሲተካ ትርፍ አላገኛችሁምና ገቢ ነው ሊባል አይገባም፤ ደረሰኞቻችሁን ጠብቁ። ወሮታው ራሱ ግን ክርክር ሊነሣበት ይችላል። ቅርስን ለአገር ያስረከበ ሰው የሚሰጠውን ምስጋና ከሎተሪ ዕጣ ጋር እኩል ግብር ማስከፈል ተገቢ አይመስለኝም፤ ሕጉ በግልጽ ነጻ እስካላደረገው ድረስ ግን አስታውቆ መጠየቅ ከኋላ ከሚመጣ መቀጮ ያድናል።

ጥያቄ፦ «የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነኝ። ማታ ማታ ሰዎች ካርታ አለን እያሉ መጥተው ከቅጥሩ ውጭ፣ ከመቃብሩ አጠገብ ይቆፍራሉ። ስንከለክላቸው 'ከቅጥሩ ውጭ ነው፤ አይመለከታችሁም' ይሉናል። እውነት አይመለከተንም?»

መልስ፦ አባታችን፣ ይመለከታችኋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 91 ታሪካዊ ቦታዎችንና ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ እንደሆነ ይናገራል። ያለ ፈቃድ ቁፋሮ በቅጥር ውስጥም ሆነ ውጭ ክልክል ነው፤ መቃብር መድፈር በወንጀል ሕጉ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ቅርስን ሆን ብሎ ማጥፋትም በቅርስ አዋጁ እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊያስቀጣ ይችላል። መርጡለ ማርያምን ያዩ እንደሚያውቁት፣ በንግሥት እሌኒ ዘመን የተሠራው ሕንፃ ፈርሶም ቢሆን የተቀረጹት ድንጋዮቹ ገና ይናገራሉ፤ በሌሊት ዶማ የሚናዱት እንዲህ ያሉ ነገሮች ናቸው።

ከሰዎቹ ጋር በጨለማ እንዳትጋፈጡ። የተቆፈረውን ጉድጓድ ሳትደፍኑ በቀን ፎቶግራፍ አንሡ፤ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቡ፤ ከሰበካ ጉባኤው ማኅተም ጋር ለቀበሌው፣ ለወረዳው ፖሊስና ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በአንድ ቀን አስገቡ፤ የገቢ ቁጥሩንም በቅጂው ላይ አስጽፋችሁ ያዙ። ከተቆለለው አፈር ላይ የሸክላ ስባሪ ወይም የተጠረበ ድንጋይ ካለ፣ ጉድጓዱ አጠገብ በላስቲክ ሸፍናችሁ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ እዚያው ተዉት።