መልስ፦ ገና ላልተሠራ የፊልም ካሜራ (በጥቅል ፊልም ፎቶ ለሚያነሣ) ቃል የገባሁትን ገንዘብ ልሰርዝ ወይስ ልጠብቅ?

ሰርዘው። በኪክስታርተር (ሰዎች ገና ላልተሠራ ዕቃ ገንዘብ በሚያዋጡበት ድረ ገጽ) ላይ ያለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዘመቻ ሊዘጋ አምስት ቀን ቀርቶታል ብለሃል። ኪክስታርተር ገንዘቡን ከካርድህ የሚወስደው ዘመቻው ተሳክቶ ሲያበቃ ስለሆነ፣ ዛሬ ብትሰርዝ አንድ ሳንቲም አታጣም። ዘመቻው ካበቃ በኋላ ግን ገንዘቡ በሠሪዎቹ እጅ ነው፤ ኪክስታርተር ራሱ አይመልስልህም።

የላክኸውን ቪዲዮ አየሁት። ካሜራው ጠረጴዛ ላይ ይሽከረከራል፣ ቆዳው ያምራል፤ በእሱ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ግን የለም። ሣጥኑን ማንም ያበጀዋል። ከባዱ ሹተሩ፣ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው መዝጊያ ነው፦ በ1/1000 ሰከንድ ተከፍቶ መዘጋት፣ ይህንንም ሺህ ጊዜ ሳያዛንፍ መድገም አለበት።

የጃፓኑን ካሜራ ሠሪ ፔንታክስን ተመልከት። ስንት ዘመን ካሜራ ሲሠራ ኖሮ እንኳ፣ በ2022 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አዲስ የፊልም ካሜራ የመሥራት ሐሳቡን ካስታወቀ በኋላ የነባር መሐንዲሶቹን ዕውቀት ይዞ ፔንታክስ 17ን ያወጣው በ2024 አጋማሽ ነው። እሱም ሌንሱ አይቀየርም። እነዚህ ሦስት ወጣቶች ከነተቀያያሪ ሌንሱ በስምንት ወር እናደርሳለን ይላሉ!

እስከ መጨረሻዋ ቀን ግን አትቆይ። በመጨረሻዎቹ 24 ሰዓታት ስረዛህ ዘመቻውን ከገንዘብ ግቡ በታች የሚያወርደው ከሆነ አይፈቀድልህም። እኔ ለሌላ ካሜራ ሳመነታ ቀኑ አለፈብኝ፤ ሦስት ዓመት ጠብቄ የደረሰኝ «የፕላስቲኩ ቅርጽ ማውጫ እንደገና እየተሠራ ነው» የሚል ደብዳቤ ብቻ ነው።