የቋንቋ ጥያቄና መልስ፦ «የጥራት መጠኑ ዝቅተኛ የሆነ ሾፌር ምረጡ» ይባላል?

ጥያቄ፦ በትርፍ ጊዜዬ ከጣውላ የቤዝ ስፒከር እሠራለሁ። ድምፁ እየሰፋ በሚሄድ መተላለፊያ የሚወጣበት ዓይነት ነው። አሠራሩን ለጓደኞቼ በአማርኛ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ አልገባቸውም። በተለይ ያስቸገራቸው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ዝቅተኛ ድምፅ የሚያወጣ ቀንድ ለመሥራት የጥራት መጠኑ ዝቅተኛ የሆነ ጠንካራ ሾፌር ምረጡ።» ምኑን ላስተካክል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ እንዲህ ያለውን ነገር በአማርኛ ለመጻፍ መነሳትዎ በጣም ያስደስታል። ሐሳቡም ትክክል ነው። ችግሩ ቃላቱ አንድ በአንድ ከእንግሊዝኛ መገልበጣቸው ላይ ነው።

ከሁሉ የከፋው «የጥራት መጠኑ ዝቅተኛ» የሚለው ነው። ይህን ያነበበ ሰው «የማይረባ ዕቃ ግዙ» እንደተባለ ነው የሚረዳው። እርስዎ ሊሉ የፈለጉት ግን ኪው ቲ ኤስ (Qts) የሚባለውን ቁጥር ነው። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 ከጀመራቸውና በኋላ ሪቻርድ ስሞል ካስፋፋቸው የስፒከር መለኪያዎች አንዱ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ የስፒከሩ ወረቀት በራሱ ጊዜ ምን ያህል እየተርገበገበ እንደሚቆይ ይናገራል። የክራር ክር መትተው ቢተዉት ድምፁ ይቆያል፤ በጣት ቢይዙት ወዲያው ጸጥ ይላል። ኪው ቲ ኤሱ ትንሽ የሆነ ስፒከር እንደተያዘው ክር ነው። የሚይዘው ደግሞ በዋናነት ማግኔቱ ነው፤ ማግኔቱ በበረታ መጠን ቁጥሩ ያንሳል። በእርስዎ ዓይነት ሥራ ውስጥ መተላለፊያው ውስጥ ያለው አየር ወረቀቱን ስለሚጫነው ጉልበት ያለው ማግኔት ያስፈልጋል። ብዙ ሠሪዎች 0.3 አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ ቁጥር የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ስለዚህ «ዝቅተኛ ጥራት» ያሉት ስፒከር ከገበያው ምርጥ አንዱ ሊሆን ይችላል። ምክሬ አይተርጉሙት ነው። «ኪው ቲ ኤስ» ብለው ይጻፉና ምን ማለት እንደሆነ አንድ ጊዜ ያስረዱ።

«ዝቅተኛ ድምፅ»ም እንዲሁ ያሳስታል። እኛ «ድምፅህን ዝቅ አድርግ» ስንል «አትጩህ» ማለታችን ነው። ከፍና ዝቅ ለጩኸቱ መጠን ነው። የእርስዎን ጉዳይ አማርኛ የሚለካው በውፍረት ነው፤ ወፍራም ድምፅ፣ ቀጭን ድምፅ እንላለን። ልጅ ሲጎረምስ ድምፁ ጎረነነ ይባላል እንጂ ዝቅ አለ አይባልም። በእኔ ግምት ይህ አማርኛ ካሉት እጅግ ግልጽ አገላለጾች አንዱ ነው፤ ለምን እንደምንተወው አይገባኝም። በመማሪያ መጽሐፍ «ዝቅተኛ ድግግሞሽ» ቢባል ትክክል ነው። ለጓደኞችዎ ግን «ወፍራም ድምፅ» ይበሉ፤ መጠኑን መጥቀስ ካስፈለገ «ከ40 ኸርዝ (በሰከንድ 40 ርግብግቢት) ጀምሮ» ብለው ይጨምሩበት።

ወደ «ሾፌር» እንምጣ፤ የእንግሊዝኛውን «ድራይቨር»፣ ማለትም ድምፅ የሚያወጣውን የስፒከር ክፍል ለማለት ነው የጻፉት። ሾፌር ሰው ነው። «ነጂ» ቢሉትም ያው ሰው ነው። አማርኛ አድራጊውንና መሣሪያውን ይለያል፦ ነጂ፣ መንጃ። «መንጃ» ሲባል ደግሞ ዛሬ ሁሉም የሚያስበው ፈቃዱን ነው። አዲስ ቃል መፍጠር ግን አያስፈልግም፤ ቃሉ ጥገና ቤት አለ። ጠጋኙ «ስፒከሩ ተቃጥሏል» ሲል ማግኔትና ወረቀት ያለውን ክፍል ማለቱ ነው፤ እንጨቱን «ሳጥን» ወይም «ቦክስ» ይለዋል። ጽሑፍዎ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ይህን ልዩነት ይጠብቁ። «ድምፅ ማጉያ»ን ግን ይተዉት። ማይክሮፎኑም፣ አምፕሊፋየሩም፣ ስፒከሩም በዚሁ ስም ስለሚጠሩ ሦስቱን መለየት ላለበት ሰው አይረዳም። «ሞንታርቦ»ም የጣሊያን ኩባንያ ስም ሆኖ ሳለ እኛ ዘንድ የትልልቅ ስፒከሮች ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ ለጨዋታ ጥሩ ነው፣ ለሥራ መመሪያ ግን ይሰፋል።

«ቀንድ»ስ? «ቀንደ መለከት» የሚለውን ስለምናውቅ ሙሉ በሙሉ ስሕተት ነው ለማለት ይከብዳል። ያም ሆኖ ብቻውን ሲቆም የበሬ ቀንድ ነው የሚታየን። ከቆርቆሮም ሆነ ከጣውላ ተሠርቶ እየሰፋ የሚሄደውን ዕቃ «ጥሩምባ» ብንለው ይሻላል። የእድር ጥሩምባ ነፊን የሚያውቅ ሁሉ ቅርጹ ወዲያው ይታየዋል። የክፍሎቹ ስምም አብሮ ይመጣል፤ ጠባቡ በኩል ጉሮሮ፣ ሰፊው በኩል አፍ ነው። እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦ «ጥሩምባው ወለልም ግድግዳም ሳያግዘው 40 ኸርዝን በደንብ እንዲያወጣ የአፉ ዙሪያ 8.6 ሜትር ገደማ መሆን አለበት፤ ስፋቱም ወደ 6 ካሬ ሜትር ይሆናል። የቤት ጥግ ላይ ካስቀመጣችሁት ግን ግድግዳዎቹና ወለሉ ስለሚያግዙት የዚህ ስፋት አንድ ስምንተኛ ይበቃዋል።» አሜሪካዊው ፖል ክሊፕሽ በ1940ዎቹ ጥግ ላይ የሚቀመጥ ጥሩምባ የሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

የቀረው «ጠንካራ» ነው። ማግኔቱ ነው ወይስ ወረቀቱ? ለይተው ይጻፉ። ወረቀቱን «ቀላል» ብቻ ካሉትም ከባድ ያልሆነ ይሁን የማያስቸግር አይታወቅም፤ «ክብደቱ» የሚለውን ይጨምሩበት።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ወፍራሙን ድምፅ በጥሩምባ ለማውጣት ኪው ቲ ኤሱ ከ0.3 ያልበለጠ ስፒከር ምረጡ። ማግኔቱ ኃይለኛ ይሁን። ወረቀቱ ክብደቱ ቀላል ይሁን፤ ግን በግፊት የሚታጠፍ እንዳይሆን።» «ምረጡ» ያሉትን አልነካሁትም። ለጓደኛ ሲጻፍ «ይምረጡ» አያስፈልግም።