«እማዬ ደበረኝ» ሲለኝ ስልኬን እሰጠዋለሁ

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወንዱ 8 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 4። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እኔ ቤት ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። የምንኖረው ተከራይተን ነው፤ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ አለን።

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ቀኑ አልገፋ ብሎኛል። ውጭው ዝናብና ብርድ ነው፤ የደብረ ብርሃንን ሐምሌ ያውቁታል። ትልቁ ቁርሱን በልቶ ሳይጨርስ «እማዬ ደበረኝ» ይላል። ትንሿም ምን ማለት እንደሆነ ሳታውቅ «ደበረኝ» ትላለች። እኔ ደግሞ ለዛሬ የቀጠርኩት ቀሚስ አለብኝ። ስልኬን እሰጣቸዋለሁ። መጀመሪያ ካርቱን ያያሉ፣ ከዚያ ትልቁ ጌም ይከፍታል። ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እኔም እሰፋለሁ። ስልኩን ስቀበላቸው ግን ለቅሶው አይጣል ነው።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን መብራት ጠፋ። ስልኬም ባትሪው አለቀ። የስፌት መኪናዬ በእግር የሚረገጥ ስለሆነ ሥራዬ አልቆመም፤ ልጆቹ ግን ጠዋቱን ሙሉ አለቀሱ፣ ተደባደቡ፣ እግሬ ሥር ተንከባለሉ። ከሰዓት በኋላ ድምፃቸው ጠፋብኝ። ደንግጬ ብወጣ ትልቁ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ከአጥር የተረፈ ሽቦ እየጠመዘዘ መኪና ይሠራል። ጎማዎቹ ቆርኪ ናቸው። ትንሿ በቁርጥራጭ ጨርቄ ለመኪናዋ መቀመጫ ታነጥፋለች። ማንም አላሳያቸውም። ቆሜ ሳያቸው እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ማታ መብራት መጣ። መኪናዋ አልጋ ሥር ገባች። አሁን አንዱ ጎማዋም ጠፍቷል።

እናቴ ከመንዝ መጥታ እኔ ዘንድ ሰንብታለች። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት ይባላል፤ ልጅ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ደግ አይደለም፣ የሚሠራውን ስጪው» ትለኛለች። ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ጠዋትም ከሰዓትም የክረምት ትምህርት ይልካሉ። አከራያችን ደግሞ የልጅ ጫጫታ አይወዱም። ልጅ ሲደብረው ዝም ማለት ግድየለሽነት አይሆንም ወይ? ስልኩን ብከለክል በምን ልተካላቸው?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከደብረ ብርሃን

*

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባቤ ስለ ሽቦዋ መኪና የጻፍሽው ላይ ብዙ ቆየሁ። የጠየቅሽኝን ልጆችሽ አስቀድመው መልሰውልሻልና።

መብራት የጠፋ ቀን ጠዋት አለቀሱ፣ ከሰዓት መኪና ሠሩ። ያ ጠዋት ባይኖር ያ ከሰዓት አይኖርም ነበር። ልጅሽ «ደበረኝ» ሲል አንቺ «አመመኝ» እንዳለ ሆኖ ይሰማሻል፤ ስለዚህ ቶሎ መድኃኒት ትፈልጊለታለሽ። ድብርቱ ግን ልጁ የሚሠራውን ገና ያላገኘበት ሰዓት ነው። ያን ሰዓት በስልክ ስንዘጋበት ፍለጋው ይቀራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። «ደበረኝ» ባለ ቁጥር ስልክ ካገኘ፣ ቃሉ ስልክ እንደሚያስከፍት ይማራል። ትንሿ ትርጉሙን ሳታውቅ የምትለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ቃሉ የሚያመጣውን አይታለች።

እናትሽ የጠቀሱት ተረት ሁልጊዜ ይገርመኛል። አስቢው እስቲ። በተረቱ ውስጥ ሥራ ፈት የሆነችው እናትየዋ ናት። ልጅቷማ ትዳሯ ውስጥ ነበረች። እናትየዋ አርፋ መቀመጥ ስላልቻለች ገብታ አፋታቻት። እኛም ልጅ ዝም ብሎ ጣሪያ ሲያይ አላስችል ይለንና ገብተን ከሐሳቡ እናፋታዋለን።

እኔም ያደግሁት መንዝ ነው፤ በግ ስጠብቅ። የበግ ጥበቃን ላወድስልሽ አይደለም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ከእኩዮቼ ስንቱ በእሱ ምክንያት ከትምህርት ቀርቷል። ግን ቀኑ ረጅም ነበር፣ በእጃችንም ምንም አልነበረም። ከድንጋይ በረት ሠራን፣ ከጭቃ በሬ ሠራን፣ በሬዎቹን በረቱ ውስጥ አስገባን። ጓሳ ሳር ገምደን ጅራፍ አደረግን። መሬት ጫር ጫር አድርገን ገበጣ ተጫወትን። ገና ሲቃረብ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ፍለጋ ስንት ቁጥቋጦ አስሰናል! ይህን ሁሉ «ተጫወቱ» ብሎ ያዘዘን አልነበረም። ቀኑ አልመሽ ሲለን ነው የፈጠርነው።

እንግሊዝ አገር ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሳንዲ ማንና ርብቃ ካድማን፣ በፈረንጆቹ 2014 ያወጡት ጥናት አለ። ሰዎችን ከስልክ ማውጫ ላይ ቁጥር አስገለበጡ፤ ከዚህ በላይ የሚደብር ሥራ የለም። ከዚያ ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ ለምን ለምን እንደሚያገለግል ጠየቋቸው። ቁጥር ሲገለብጡ የቆዩት ካልገለበጡት የበለጠ ሐሳብ አመጡ። ጥናቱ የተሠራው በአዋቂዎች ላይ ስለሆነ ለልጆችሽ ማስረጃ ነው አልልሽም። ግን ከበረንዳሽ ወሬ ጋር ይገጥማል።

ስልኩን ፈጽሞ ከልክዪ አልልሽም። ብቻሽን እየሠራሽ ነውና ጸጥታው ያስፈልግሻል። ሰዓት አውጪለት፤ ለምሳሌ ከሰዓት በኋላ ከ11 እስከ 12። ዋናው ነገር ሰዓቱ ሲደርስ መስጠትሽ ነው፤ ደበረኝ ሲሉ አይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ካነሰም የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ለትልቁ፣ በ2020 ባወጣው ሌላ መመሪያ፣ የሰዓት ቁጥር አላስቀመጠም፤ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ግን ያስፈልገዋል ይላል። ስለዚህ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ቦቲና ጃኬት አልብሰሽ አስወጪያቸው። ብርድ ለሚሮጥ ልጅ ብዙም አይከብደውም።

በምን ልተካ ላልሽው፣ አትተኪ። «ደበረኝ» ሲልሽ «እሺ የኔ ልጅ» ብለሽ ስፌትሽን ቀጥዪ። አትቆጪ፣ ሐሳብም አታቅርቢ። «ለምን ሥዕል አትሥልም?» ስትዪው «አልፈልግም» ይልሻል፤ ሌላም ትጠቁሚያለሽ፣ እሱንም ይጥልብሻል። በመጨረሻ ሥራው የእሱ መሆኑ ቀርቶ የአንቺ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው። ይነጫነጫል፣ እህቱን ይነካካል፣ ጀርባሽ ላይ ይንጠለጠላል። ያን ጊዜ ልብሽ እንዳይርድ። ምግብ፣ ፍቅር፣ ጤና እስካልጎደለው ድረስ ይህ ግድየለሽነት አይባልም። አንቺ እኮ አጠገቡ ነሽ።

አንድ ነገር ግን አዘጋጂላቸው። ትልቅ ካርቶን ፈልገሽ ጥግ ላይ አስቀምጪ። ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ያለቀ የክር ማጠንጠኛ፣ ቆርኪ፣ የሃይላንድ ፕላስቲክና ክዳኑ፣ የተረፈ ሱፍ፣ ገመድ። የልብስ ሰፊ ልጆች መሆናቸው ትልቅ ሀብት ነው። መርፌና መቀስሽን አርቂ፣ የሽቦውንም ጫፍ እጠፊው፤ ዓይን ይወጋል። ከዚያ በኋላ ቤቱ ይዝረከረካል። ማታ አብራችሁ ትሰበስባላችሁ። በመሃል እየገባሽ «አንሱ» ካልሽ ግን ጨዋታው ይሞታል። ሠርተው ሲያሳዩሽም «ጎበዝ» ብቻ አትበዪ፤ «ይቺ ምንድን ናት?» በዪ። ረጅም ታሪክ ይነግሩሻል።

አከራያችሁን በቀጥታ አነጋግሪ። «ልጆቼ ይጫወቱ» ብለሽ በደፈናው አትጠይቂ፤ ቦታና ሰዓት ለይተሽ ጠይቂ። «ከቧንቧው ወዲያ ያለችውን ጥግ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ፍቀዱልኝ፣ እኔው አጸዳለሁ» በያቸው። ልክ ያለው ነገር ሲጠየቅ ሰው እሺ ለማለት ይቀለዋል። ከቀሩት ሁለት ቤተሰቦችም ልጅ ያለው ካለ አብረው ይሁኑ። ሰኞ ማክሰኞና ድብብቆሽ ያለ ጓደኛ አይሆኑም።

የክረምት ትምህርቱ ግማሽ ቀን ቢሆን አይጎዳም። ጠዋትም ከሰዓትም ግን አልደግፍሽም። ዓመቱን ሙሉ በደወል የኖረ ልጅ ደወል የሌለበት ቀን ይገባዋል።

እናትሽ ካልሄዱ ደግሞ ማታ ማታ እንቆቅልሽ ይጠይቋቸው። «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልሽ»፣ ሲያቅታቸውም «አገር ስጡኝ»። ሦስት አራት ምሽት ካለፈ በኋላ ልጆቹ የራሳቸውን እንቆቅልሽ እንዲፈጥሩ ይጠይቋቸው። የ4 ዓመቷ የማይፈታ ነገር ታመጣለች። እናትሽም ተሸንፈው አገር ይስጧት፤ መንዝን ትውሰድ።

ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ መኪናዋን ከአልጋ ሥር አውጪያትና ጠዋት ዓይናቸው የሚያርፍበት ቦታ አኑሪያት። ምንም አትናገሪ። የጠፋውን ጎማም አንቺ አትፈልጊለት።