«ለቅዳሴ ሲሄዱ ድመቷን ልሸኛት?»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ባለቤቴ እህል ነጋዴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። አማቴ ባላቸው ሲሞቱ ከማቻክል ወደ እኛ መጡ። እኔም ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኳቸው፣ እግዜር ያውቃል። ግን ድመታቸውንም ይዘው መጡ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ያሳክከኛል፣ አፍንጫዬ አይደርቅም፣ ሥራዬ ማስነጠስ ሆነ። አማቴ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ሰጡኝ። ባለቤቴ «ሳይነስ ነው፣ ብርዱ ነው» ይላል። አንዷ ጎረቤት ደግሞ «አማቷን ጠልታ በድመት ታሳብባለች» ብላ አስወራች። ያንገበገበችኝ ይህቺ ናት! አሁን ሳስነጥስ እንኳ እርስ በርስ ይተያያሉ። ድመቷ አልጋ ላይ ናት፣ ሶፋ ላይ ናት፣ ጋቢዬ ላይ ናት። ብናገር «አይጡን ማን ሊጠብቅልሽ ነው?» እባላለሁ። እውነት ነው፣ እሷ ከመጣች መጋዘናችን አይጥ የለበትም። ታዲያ እዚያው መጋዘን ብታድር ምን አለበት? ባለቤቴ «ጸጉሯን በመቀስ እንከርክመው» ቢል አማቴ ተቀይመው እራት ሳይበሉ አደሩ።

ሌሊት ደረቴ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ አንዳንዴም ቁጭ ብዬ አድራለሁ። እሱስ ብዙም አይደል፣ አስም ያለባት ጓደኛዬ ፓፏን ታውሰኛለች። እኔን የገደለኝ የሰው አፍ ነው።

ወፍጮ ቤት ያለው አንድ ዘመዴ ድመት ይፈልጋል። አማቴ እሑድ ለቅዳሴ ሲሄዱ በኬሻ አድርጌ ብልክለትና «ጠፋች» ብል ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?

ሆድ የባሳት እህትዎ

መልስ

እታለም፤

ሐሜቱን ለጊዜው ተይው። እኔን ያስደነገጠኝ «ብዙም አይደል» ብለሽ ያለፍሽው ነው። ደረቱ ሲጥ ሲጥ የሚልና ቁጭ ብሎ የሚያድር ሰው ምች ነው ተብሎ አይተኛም። አስም ሊሆን ይችላል። የድመት አለርጂ አፍንጫ ላይ ብቻ አይቆምም፣ ወደ ደረትም ይወርዳል። የተዋስሽው ፓፍ የአየር ቧንቧሽን ለጥቂት ሰዓት ይከፍትልሻል፤ ውስጡ ያለውን እብጠት ግን አያክምም። ቀለል ሲልሽ የዳንሽ ይመስልሻል። ፋርማሲ የሚሸጠው ሴትሪዚንም ለማስነጠሱና ለማሳከኩ ነው እንጂ ለደረትሽ አይበቃም። ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ሂጂ። ትንፋሽ አጥሮሽ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተሽ ግን ነገን አትጠብቂ፣ በሌሊትም ቢሆን ይውሰዱሽ። ልጆቹም ሌሊት የሚያስላቸው ከሆነ አብረሽ አሳያቸው።

ወደ ኬሻው ልምጣ። አይሆንም! ባላቸውን ቀብረው፣ ቀያቸውን ጥለው የመጡ ሴት ናቸው። ከዚያ ቤት ይዘዋት የወጡት ነፍስ ያላት ነገር እሷ ብቻ ናት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ «ውሮ፣ ውሮ» እያሉ ደጅ ለደጅ ሲዞሩ ቆመሽ ልታያቸው ነው?

ደግሞ ተንኮሉም አይሠራልሽም። የሚያስነጥስሽ ጸጉሯ አይደለም፣ በምራቋና በቆዳዋ ወዝ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ራሷን ስትልስ ጸጉሯ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ብናኝ ሆኖ ይነሣል። (ባልሽ መቀሱን ያስቀምጥ።) ብናኙ ፍራሽና ምንጣፍ ውስጥ ይገባል፤ ድመቷ ከሄደች በኋላም ለወራት ይቆያል። እስቲ አስቢው፦ ድመቷ «ጠፋች»፣ አንቺ ግን ማስነጠስሽን አልተውሽም። ያቺ ጎረቤት ያን ጊዜ ምን እንደምትል ልንገርሽ?

አሁን ባልሽ ያንብበው። አንተ ወንድሜ፣ እናትህን የምታናግር አንተ ነህ። ሚስትህ ብትናገር ጥላቻ ይባልባታል፣ አንተ ብትናገር ግን የልጅ ምክር ነው። «ሳይነስ ነው» ብሎ መገላገልም ይቅር። ከዛሬ ጀምሮ ድመቷ መኝታ ቤት አትገባም፣ በሩ ቀንም ሌሊትም ይዘጋል። ጋቢውና ብርድ ልብሱ በሙቅ ውኃ ይታጠብ። ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፣ ወልዋዩም አንተ ሁን፣ እሷ ብናኙን አትማገው። የማርቆስ ብርድ ቤት እንደሚያዘጋ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ፀሐይ ስትወጣ መስኮቱን ክፈቱ። የማገዶና የእጣን ጭስም የታመመ ደረትን ያብሳል፣ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ።

የመጋዘኑ ሐሳብሽ መልካም ነው፣ እታለም። አማትሽ እዚያ ሄደው ያጫውቷት፤ ሲመለሱ እጃቸውን ታጥበው ነጠላቸውን ይቀይሩ፣ ብናኙ በልብስ ይመጣልና። ይህም ሁሉ ተደርጎ ሐኪሙ «ድመቷ ትውጣ» ካለ ትወጣለች። በዚህ ላይ ይሉኝታ የለኝም፣ ትንፋሽሽ ይበልጣል። ግን በቀን ብርሃን፣ አማትሽ እያወቁ ትሂድ። ወፍጮ ቤቱን ራሳቸው አይተው፣ በእጃቸው ያስረክቧት።

ሐኪሙ ሲጠይቅሽ ደግሞ «ትንሽ ጉንፋን ነገር ነው» እንዳትይ። ቁጭ ብዬ ነው የማድረው በይው። ፓፍ ስንት ጊዜ እንደተዋስሽም አስታውሰሽ ንገሪው።