የአይጧ መዳፍና የእናቴ ጉልበት

ጥያቄ፦ እናቴ ለድብርት ፍሉኦክሰቲን መውሰድ ከጀመሩ ዐሥር ቀን ሆኗቸዋል፤ ለውጥ ግን አላየንባቸውም። በቀጠሯቸው ዕለት ሐኪማቸው ጉልበታቸውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ እያደረጉ ሲመረምሩ ገረመን። ወንድሜም ይህ መድኃኒት የተሰጣቸው የቤተ ሙከራ አይጦች መዳፋቸውን እንደሚያርገበግቡ በትምህርት ቤት ሰምቶ ሰግቷል። የድብርት መድኃኒትን ከጉልበት ጋር ምን አገናኘው?
አንባቢ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ የሚያገናኛቸው ሴሮቶኒን ነው፤ ይህም የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት፣ ፍሉኦክሰቲንም የሚያበዛው ንጥረ ነገር ነው። ይህን ንጥረ ነገር የሚረጩት የአንጎል ግንድ ሕዋሳት ክሮቻቸውን ወደ ላይኛው አንጎል ብቻ ሳይሆን ወደ ታች፣ ጡንቻን ወደሚያዙት የሕብለ ሠረሠር ነርቮችም ስለሚልኩና እነዚህን ነርቮች ንቁ ስለሚያደርጓቸው፣ ሴሮቶኒን ከልክ ሲያልፍ ጉልበት ሲመታ እግር ሳናዘው የሚፈናጠርበት ምላሽ፣ ማለትም ሪፍሌክስ፣ ይበረታል። ወንድምዎ የሰማው እውነት ቢሆንም አንድ ነገር ጎድሎታል፤ አይጦቹ በፊት እግራቸው መሬቱን እየደለቁ፣ ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ የሚንቀጠቀጡት በተለይ መድኃኒቱ ሴሮቶኒን እንዳይፈርስ ከሚያግድ ሌላ መድኃኒት ጋር ሲደረብ ነው።

ስለ ዐሥሩ ቀን ደግሞ፣ ፍሉኦክሰቲን የተረጨው ሴሮቶኒን ወደ ሕዋሱ የሚመለስበትን በር የሚዘጋው በሰዓታት ውስጥ ነው። ሆኖም በአይጦች አንጎል ላይ በተደረገ ልኬት እንደታየው፣ ሕዋሳቱ በዙሪያቸው ሴሮቶኒን መብዛቱን በራሳቸው ተቀባዮች ሲያውቁ መጀመሪያ ሥራቸውን ይቀንሳሉ፤ ተቀባዮቹ ደንዝዘው ሕዋሳቱ ወደ ቀድሞው ፍጥነታቸው የሚመለሱት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። የሰው መዘግየት ሙሉ ምክንያት ይህ ብቻ ነው ብዬ አልደመድምም፤ አይጥ ማዘኗን አትነግረንምና። የድብርት መድኃኒቶች በአይጥ ላይ የሚፈተኑበት፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የታወቀው የውኃ ዋና ፈተና እንኳ የሚለካው ውኃ ውስጥ የገባች አይጥ ምን ያህል እንደምትታገል ነው፤ ከዚያ ይልቅ የመዳፏን እንቅስቃሴ ባምን እመርጣለሁ።

እናትዎ ለሕመም ትራማዶል፣ ወይም መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚታዘዘውን ሊኔዞሊድ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪማቸው ሳይነግሩ አይቆዩ፤ ሁለቱም ከፍሉኦክሰቲን ጋር ሲደረቡ ሴሮቶኒንን ከልክ ሊያሳልፉ ይችላሉ። ጫት የሚቅሙ ከሆነም አይደብቁ፤ በጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን የልብ ምትንና መቁነጥነጥን ስለሚጨምር ምልክቱን ያምታታል። ላብ፣ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና መረበሽ በድንገት አብረው ከመጡ፣ ወይም ቁርጭምጭሚታቸው ወደ ላይ ሲታጠፍ እግራቸው በራሱ ደጋግሞ ከተርገበገበ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። ይህ ምልክት ከሌለ መድኃኒቱን በራሳችሁ ውሳኔ አታቋርጡባቸው።