ልብዎ ጤነኛ ነው ተብዬ ተመለስኩ፤ ታዲያ ምን ነበር?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ31 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሦስት ወር በፊት ከመገናኛ በታክሲ ስመለስ ልቤ ድንገት በኃይል መምታት ጀመረ። ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ። መሞቴ ነው ብዬ «ወራጅ አለ» አልኩና ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። የልብ ምርመራው ደህና ስለሆነ «ምንም የለብዎትም» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደግሞኛል። አሁን በር አጠገብ ቦታ ካላገኘሁ ታክሲ አልሳፈርም።

መልስ፦ «ምንም የለብዎትም» ግማሽ መልስ ነው። እኛ ሐኪሞች ወረፋ ሲበዛብን ቀሪውን ግማሽ እንውጠዋለን። የነገሩኝ ሁሉ ፓኒክ አታክ የሚባለውን ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ይመስላል።

ጅብ ቢያጋጥምዎት ለመሮጥ የሚያዘጋጅዎት አድሬናሊን ጅብ በሌለበት ተረጨ። የጣቶችዎ መደንዘዝ ደግሞ የመጣው ከትንፋሽዎ ነው። አየር ያነሰዎት ቢመስልዎትም በእርግጥ የተነፈሱት ከልክ በላይ ነው፤ ያኔ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስም ያዞራል። ጥቃቱ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከበረታ በኋላ ይበርዳል።

በዘር ሊወረስ ይችላል። እንቅልፍ ማጣት፣ ሐዘን፣ ጫት፣ ቡናም ያባብሱታል። ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጡ ከሆነ ለጊዜው አንድ ስኒ ይብቃዎት (ቡና ወዳድ ስለሆንኩ ምክሩ ለእኔም ይከብደኛል)። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራና ደም ሲያንስም ልብ በኃይል ስለሚመታ የደም ምርመራ ይጠይቁ። የደረት ሕመም ካለብዎትና ዳገት ሲወጡ የሚመጣ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ወይም ራስ የሚያስት ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋር ይሂዱ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የበሩ ወንበር ነው። በሸሹት ቁጥር ፍርሃቱ ይሰፋል፤ ዛሬ ታክሲ፣ ነገ ገበያ፣ ከነገ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ። የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚሰጠው የንግግር ሕክምና በደንብ ይሠራል። እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶችም አሉ፤ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በአምስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጠው እንዳይተዉት። ጓደኛ የሚያቀብልዎትን ዲያዜፓም የተባለ ማረጋጊያ አይልመዱ፤ ሱስ ያስይዛል።

እስከዚያው ጥቃቱ ሲመጣብዎት ከታክሲው አይውረዱ። በአፍንጫዎ ቀስ ብለው ያስገቡ፣ ከዚያ ረዘም አድርገው ያስወጡ። በዚህ ሳምንት በሩ አጠገብ ይቀመጡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት መሃል ላይ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሰው ተጠጋግቶ ከሚቀመጥበት ከኋላ ወንበር።