እውነተኛውን ቲዲሲ ለማግኘት ጫፉን ሳይሆን ግራና ቀኙን ለካ

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅኸው ባጭሩ ይህ ነው፦ በ1ኛው ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ ረጅም ካቻቢቴ አስገብተህ ፒስተኑ መውጣት ያቆመበትን ቦታ ቲዲሲ (ፒስተኑ የሚደርስበት የመጨረሻ ከፍታ) ነው ብለህ ያዝክ፤ ፑሌጃው (ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው የቺንጋ መንኮራኩር) ላይ ያለው ምልክት ግን ከዜሮው ጥቂት ዲግሪ ፈቀቅ ብሎ ተገኘ። ታይሚንጉን (የመቀጣጠያውን ወይም የቫልቮቹን ሰዓት) ለማስተካከል የትኛውን ልመን ነው ያልከው። ለጊዜው ሁለቱንም አትመን።

መጀመሪያ ካቻቢቴውን እንይ። ፒስተን ጫፉ አካባቢ ሲደርስ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ዘንግ፣ ባጭሩ ክራንኩ) እየዞረ ፒስተኑ ግን የቆመ ያህል ነው። ስትሮኩ (ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚሄደው ርቀት) 90 ሚሊ ሜትር፣ ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ከመሃል እስከ መሃል 150 ሚሊ ሜትር የሆነ ሞተር ብትወስድ፣ ክራንኩ ከቲዲሲ 1 ዲግሪ ሲያልፍ ፒስተኑ የሚወርደው 0.009 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በ2 ዲግሪ 0.036፣ በ5 ዲግሪ እንኳ 0.22 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን በእጅ የተያዘ ብረት አያሳይህም፤ «ቆመ» ባልክበት ቦታ 4 እና 5 ዲግሪ መሳት ቀላል ነው። ይኸው ፒስተን 27 ዲግሪ ላይ ሲሆን ግን በአንድ ዲግሪ 0.45 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሄዳል። እዚያ ላይ ትንሿ ዲግሪ ሳትቀር በግልጽ ትታያለች። ስለዚህ ጫፉን አትፈልግ። ከጫፉ በፊትና በኋላ ፒስተኑ እኩል ከፍታ ላይ የሚሆንባቸውን ሁለት ቦታዎች አግኝና መሃላቸውን ውሰድ።

ለዚህ የሚያስፈልግህ የፒስተን ማቆሚያ ነው። ከአሮጌ ካንዴላ ይሠራል፦ ሸክላውንና የጎን ምላሱን አውጣ፣ ውስጡን ጥርስ አውጥተህ ብሎን አስገባበት፣ በዳዶ አጥብቀው። የብሎኑ ጫፍ ድቡልቡልና ለስላሳ ይሁን፤ ሹል ከሆነ የፒስተኑን አናት ይወጋል። መሃሉን በቀጭኑ ብትበሳው አየር ይወጣበታል፤ አለዚያ የታመቀው አየር እጅህን እየገፋ «ነካ» ያስብልሃል። ፒስተኑ ጫፉ ላይ ለመድረስ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀረው እንዲነካው አድርገህ ርዝመቱን አስተካክል።

ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ካንዴላዎቹን በሙሉ አውጣ፣ ዲግሪ የተሰመረበትን ዲስክ ክራንኩ ላይ እሰር፣ ከወፍራም ሽቦ የተሠራ ጠቋሚ ብሎኩ ላይ አጥብቅ። ዲስኩን በካቻቢቴ ያገኘኸው ቲዲሲ ላይ በግምት ዜሮ አድርገውና ማቆሚያውን አስገባ። አሁን በእጅህ ቀስ ብለህ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ አዙር፤ ሲነካ ቁም፣ ቁጥሩን ጻፍ። በተቃራኒው አዙረህ በሌላው በኩል ሲነካም ጻፍ። በመጀመሪያው ከቲዲሲ በፊት 30፣ በሁለተኛው ከቲዲሲ በኋላ 24 ካነበብክ ድምሩ 54፣ ግማሹ 27 ነው፤ ግምትህ በ3 ዲግሪ ስቷል ማለት ነው። ክራንኩን እዚያው ማቆሚያው ላይ እንዳለ ትተህ ዲስኩን ወይም ጠቋሚውን ብቻ 27 ላይ አምጣ። ወደ ሌላው በኩል መልሰህ ስታዞር እዚያም 27 ካልመጣ ድገመው። ሁለቱም 27 ሲሉ የዲስኩ ዜሮ እውነተኛው ቲዲሲ ነው። ማቆሚያውን አውጣና ክራንኩን ወደዚያ አምጣው።

ዲስክ ከሌለህም አትቸገር። በሁለቱ ንክኪዎች ጊዜ ከጠቋሚው ትይዩ ፑሌጃው ላይ ቀጭን መስመር አድርግ፣ በሜትር ለካና አጭሩን ቅስት ለሁለት ክፈል። ዲያሜትሩ 150 ሚሊ ሜትር በሆነ ፑሌጃ 1 ዲግሪ 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ወፍራም ጠመኔ ራሱ አንድ ዲግሪ ይበላብሃል።

አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ በሞቶሪኖ (በማስነሻ ሞተሩ) በፍጹም አታዙር፤ ፒስተን ይበሳል። ማቆሚያው ሲነካ አትጫን፤ ሁለቱንም ጊዜ በእኩል ቀላል ጉልበት ንካ። ከአንዱ ንክኪ ወደ ሌላው ለመድረስ ክራንኩ ሙሉ ዙር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው እንደሚዞር አትርሳ። ቺንጋው ከወለቀና ሞተሩ ፒስተኑና ቫልቩ የሚጋጩበት ዓይነት ከሆነ በዚህ ዙር ቫልቭ ይታጠፋል። አንዱ ንክኪ ደግሞ ቫልቮች ከፈት ባሉበት ሰዓት ስለሚመጣ፣ የካንዴላው ቀዳዳ ያዘነበለ ከሆነ ማቆሚያው ቫልቭ እንዳይነካ ተጠንቀቅ። የክራንኩን ብሎን ይዘህ ወደ ኋላ ስታዞርም ብሎኑ ሊላላ ይችላል፤ ከላላ በታዘዘው ጉልበት መልሰህ እሰረው።

ሞተሩ ወደ ኋላ መዞር የማይፈቀድለት ከሆነ፣ በተለይ ካቴናው ወይም ቺንጋው በዘይት ግፊት የሚወጠር ከሆነ፣ ጥርስ ሊዘል ስለሚችል ማቆሚያውን ተወው። በካንዴላው ቀዳዳ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚያሳይ ባለ ሰዓት መለኪያ) አስገባ፣ በከፍተኛው ንባብ ዜሮ አድርገው። ሁለት ዙር ወደፊት አዙረህ ጌጁ ከጫፉ በፊት 1.00 ሚሊ ሜትር ሲል ዲግሪውን ያዝ፤ ሳትመልስ ቀጥል፣ ከጫፉ በኋላ 1.00 ሲል ያዝ፤ መሃሉ ቲዲሲ ነው። ካሳለፍከው ወደ ኋላ አትመልስ፤ ሁለት ዙር ወደፊት ዙረህ ድገመው።

የአራት ምት ሞተር ፒስተን በአንድ ኡደት ሁለት ጊዜ ጫፍ እንደሚደርስም ታውቃለህ። ለታይሚንግ የምትፈልገው የኮምፕሬሽኑን (አየሩ በሚታመቅበት ምት መጨረሻ ያለውን) ነው፦ የ1ኛው ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው፣ የመቀጣጠል ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 በሆነ ሞተር ደግሞ በ4ኛው ላይ አንዱ ቫልቭ ሊዘጋ ሌላው ሊከፈት ሲል የምታገኘው።

አሁን ወደ ፑሌጃው ምልክት ተመለስ። ከእውነተኛው ቲዲሲ ጋር ከገጠመ የሳተው ካቻቢቴህ ነበር፤ ምልክቱን አምነህ ሥራ። ካልገጠመ መጀመሪያ ፑሌጃው የዚያው ሞተር መሆኑን፣ ጠቋሚውም አለመጣመሙን እይ። ከዚያ በውጪው ቀለበትና በመሃሉ መካከል ያለውን ጎማ ተመልከት። ከተሰነጠቀ፣ ካበጠ ወይም ቀለበቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከወጣ ቀለበቱ ተንሸራቷል። እንዲህ ዓይነቱ ላይ አዲስ ምልክት ማድረግ ለዛሬ ያሠራህ ይሆናል፤ ነገ ግን ጎማው እንደገና ሲንሸራተት የታይሚንግ መብራትህ (ምልክቱን እያበራ ታይሚንጉን የሚያሳይህ መብራት) መልሶ ይዋሽሃል። ፑሌጃውን ቀይረው፣ በአዲሱም ላይ ቲዲሲውን በዚሁ መንገድ አረጋግጥ።